ቤት ውስጥ ተራራ መውጣት፦ ስለ ቨርቹዋል የብስክሌት መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብስክሌቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እናንተ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ስትወጡ ቆይታችኋል። ጉልበታችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ላይ የላብ ኩሬ ተሠርቷል። ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። "ታዲያ የት ደረስክ?" ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለኝ። መልሱ "የትም" ነው። እግሬን ቢጠይቀው ግን ሌላ ይነግረው ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ግማሾቹን እኔም በጊዜዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ሰው ብዙ የሚጨነቀው የትኛውን ትሬነር ልግዛ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ማራገቢያና ስለ ሰውነት ክብደት አበዛለሁ። ምክንያቱን እግረ መንገዳችንን እናየዋለን።

ቨርቹዋል መንገድ መንዳት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብስክሌታችሁን ትሬነር የሚባል ማቆሚያ ላይ ታስራላችሁ። ፔዳሉን ስትረግጡ ትሬነሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣችሁ በዋት ይለካል። ቁጥሩን በብሉቱዝ ወይም አንት ፕላስ በሚባል ሽቦ አልባ ግንኙነት ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ለተጫነው አፕ ይልካል። አፑ ደግሞ ያንን ዋት ወደ ፍጥነት ቀይሮ ስክሪኑ ላይ ያለውን ብስክሌተኛ ያስኬደዋል።

መንገዱ ለእናንተ ሥዕል ነው፤ ለአፑ ግን የተደረደረ ቁጥር ነው። እዚህ ጋ 3 በመቶ ዳገት፣ ከ200 ሜትር በኋላ 9 በመቶ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ቁልቁለት። ተራራው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ነው የሚሠራው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው አይከብዳችሁም።

ብስክሌቱ ሳይንቀሳቀስ ዳገት እንዴት ይሰማኛል?

ስማርት ትሬነር ከሆነ፣ አዎ፣ ይሰማችኋል፤ ያውም በደንብ። ውስጡ ፍላይዊል የሚባል ከባድ ተሽከርካሪ ብረት አለ። አጠገቡ ኤሌክትሮማግኔት ተገጥሟል። አፑ "አሁን 8 በመቶ ዳገት ላይ ነው" ብሎ ሲልክ ማግኔቱ ይጠነክርና ብረቱን ይይዘዋል። ፔዳሉ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። እጃችሁ ሳታስቡት ማርሽ ሊቀንስ ይሄዳል፤ ልክ ውጭ እንደምታደርጉት። ዳገቱ ሲያልቅ ማግኔቱ ይለቃል፤ እግራችሁም ይፈታል።

እያንዳንዱ ትሬነር አቅሙ ይለያያል። ካርቶኑ ላይ "እስከ 16 በመቶ"፣ "እስከ 20 በመቶ" ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ የባሰ ቀጥ ያለ ዳገት ቢመጣ ትሬነሩ ከአቅሙ በላይ ማክበድ አይችልም። እውነቱን ለመናገር ከ16 በመቶ በላይ የሆነ መንገድ የሚያጋጥማችሁ አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ አፖች ውስጥ የዳገቱን ስሜት የምታስተካክሉበት ማንሸራተቻ አለ። ዝዊፍት በሚባለው አፕ ላይ ከመጀመሪያው 50 በመቶ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ይህ ማለት 10 በመቶ ዳገት እግራችሁ ላይ እንደ 5 በመቶ ነው የሚሰማው። "ታዲያ ይሄ ማታለል አይደለም?" ይባላል። አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ብስክሌተኛ የሚሄደው ባወጣችሁት ዋት ነው። ማንሸራተቻውን ዝቅ ብታደርጉም ያንኑ ዳገት በዚያው ሰዓት ለመጨረስ የሚያስፈልገው ዋት አይቀየርም። የሚቀየረው የምትጠቀሙበት ማርሽ ነው። ቀላል ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላላችሁ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ራሴ ጉልበቴ ቅሬታ ሲያበዛ ዝቅ አደርገዋለሁ።

ቁልቁለት ላይስ?

ቁልቁለት ላይ ፔዳል ባትረግጡም ብስክሌተኛው ይወርዳል። ፍላይዊሉም ትንሽ ይሽከረከራል። አንዳንድ ውድ ትሬነሮች ሞተር ስላላቸው ራሳቸው ያሽከረክሩታል። ደስ ይላል፤ ግን የግድ አያስፈልግም።

ምን ምን ያስፈልገኛል?

ብስክሌት፣ ትሬነር፣ አፑ የሚጫንበት ስልክ ወይም ታብሌት ወይም ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት፣ ውሃ፣ ፎጣ፣ ማራገቢያ። የልብ ምት መለኪያ ቢኖር ጥሩ ነው። ባይኖርም ይነዳል።

ትሬነር ሦስት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት። የመጀመሪያው የኋላ ጎማው ሳይወጣ ሲሊንደር ላይ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ነው። ዋጋው ቀለል ይላል፤ ግን ጎማ ይበላል፣ ይጮኻል፤ ኃይለኛ ዳገት ላይ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁለተኛው የኋላ እግሩን ፈትታችሁ ሰንሰለቱን በቀጥታ ትሬነሩ ላይ የምታስገቡበት ነው። ድምፁ ዝቅተኛ፣ ልኬቱም የበለጠ አስተማማኝ ነው። ዳይሬክት ድራይቭ የሚሉት ይህንን ነው። ሦስተኛው ሮለር ነው። ብስክሌቱ ሳይታሰር ሦስት ሲሊንደሮች ላይ ይነዳል። ሚዛን የምትጠብቁት እናንተው ናችሁ። ለመጀመሪያ ቀን አልመክረውም፤ ግድግዳ አጠገብ ካልሆነ በስተቀር።

ስማርት ያልሆነ ተራ ትሬነር ያላችሁም ከጨዋታው ውጭ አይደላችሁም። ጎማው ላይ የፍጥነት ሴንሰር ትገጥማላችሁ። አፑ የትሬነሩን ሞዴል ካወቀው ከፍጥነቱ ተነስቶ ዋቱን ይገምታል። ዳገቱ ግን አይሰማችሁም፤ ብስክሌተኛው ይዘገያል እንጂ ፔዳሉ አይከብድም። ግምቱም የጎማው ነፋስ በተቀየረ ቁጥር ይዛባል። ስለዚህ ሁልጊዜ እኩል ነፋስ ሙሉ።

የእኔ ብስክሌት ይገጥማል?

ባብዛኛው አዎ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ የኋላ እግሩ የሚታሰርበት ዘንግ። የድሮዎቹ ቀጭን ዘንግና በእጅ የሚታጠፍ ማሰሪያ አላቸው። የዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ይጠቀማሉ። ትሬነሮች የተለያየ መግጠሚያ ይዘው ይመጣሉ፤ የእናንተ ከመካከሉ መኖሩን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ የኋላ ማርሽ። ዳይሬክት ድራይቭ ከሆነ ትሬነሩ ላይ የራሱ የማርሽ ስብስብ ይገጠማል። የጥርስ ጎማው ብዛት ከብስክሌታችሁ ጋር እኩል መሆን አለበት። ባለ 11 ከሆነ ባለ 11 ነው። እኔ "ያው ነው" የሚል ሻጭ አምኜ የማይገጥም ይዤ ተመልሻለሁ። ያው አይደለም። ሰንሰለቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቋቋ አደረ፤ ስቀይረው ነው ዝም ያለው። አሁን አንድ ጥርስ ጎማ ብቻ ያላቸውና ማርሽ መቀየሩን ራሱ ትሬነሩ የሚሠራላቸው ዓይነቶች መጥተዋል። እነዚህ ከዚህ ራስ ምታት ይገላግላሉ።

ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ። ትሬነር ላይ እንዲታሰር የማይፈቅዱ አሉ።

የትኛውን አፕ ልጠቀም?

ጣዕም ነው። ሥዕል ነው ወይስ ቪዲዮ የምትወዱት?

ዝዊፍት ሥዕል ነው፤ እንደ ቪዲዮ ጌም። በ2014 ለሙከራ ወጣ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሆነ። ዋቶፒያ የምትባል የፈጠራ ደሴት አለችው። እሳተ ገሞራ ውስጥ ታልፋላችሁ፣ ከባሕር በታች በመስታወት ዋሻ ትነዳላችሁ። የለንደን፣ የኒው ዮርክና የፓሪስ ጎዳናዎችም ተሠርተውለታል። ዋናው ጥቅሙ ሰው አለመጥፋቱ ነው። በየትኛውም ሰዓት ብትገቡ የሚነዳ አለ።

ሩቪ እውነተኛ መንገድ የተቀረጸበትን ቪዲዮ ያሳያል። ብስክሌተኛው እላዩ ላይ ተስሎ ይሄዳል። ስትፈጥኑ ቪዲዮው ይፈጥናል። መሄድ የምትመኙትን የተራራ መንገድ ዛፉን፣ አጥሩን፣ ድንጋዩን እያያችሁ ትወጡታላችሁ። እኔ ብቻዬን ረጅም ስነዳ ይህን እመርጣለሁ፤ ዓይን አይሰለችም።

ማይዉሽ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ሌሎቹ በየወሩ ይከፈልባቸዋል፤ ነገር ግን መሞከሪያ ጊዜ ይሰጣሉ። ሁለት ሦስቱን ሳትሞክሩ የዓመት አትክፈሉ።

አፑ ክብደቴን ለምን ይጠይቀኛል? ትንሽ ቀንሼ ብጽፍስ?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ነው የሚጠይቁት።

መንገዱ ቁጥር ነው ብለናል። አፑ እናንተን አያያችሁም። ስለ እናንተ የሚያውቀው ዋቱን፣ ክብደቱንና ቁመቱን ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። የነፋስን ግፊት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ዋት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነታችሁን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ክብደት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ዳገት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የምትታገሉት ከመሬት ስበት ጋር ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

እናስላው። አልፕ ዱ ዝዊፍት የሚባለው ዳገት 12.2 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ 1,036 ሜትር ያስወጣል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሆኖ 200 ዋት ሳያቋርጥ ቢረግጥ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። ያው ሰው ያንኑ 200 ዋት እየረገጠ አፑ ላይ ግን 65 ኪሎ ብሎ ቢጽፍ በግምት ዘጠኝ ደቂቃ ያተርፋል። ምንም ሳይለማመድ፣ ምንም ሳይደክም፣ ቁጭ ብሎ።

ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ የሚከሳችሁ የለም። ራሳችሁን ነው የምታሞኙት። ውድድር ውስጥ ግን ሌላ ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ ሰዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ ቪዲዮ እንዲቀርጹ ይጠየቃሉ። በተራ ውድድርም ቢሆን ሰው ይነቃል። እኔ የምመክረው ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ተመዘኑ፣ የወጣውን ጻፉ፣ ጨመራችሁም ቀነሳችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለማታለል አስቦ አይደለም፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የጻፈውን ኪሎ ስላልነካው ነው።

ውጭ የምነዳው እኔው፣ ቤት ውስጥ የምሞተው እኔው። ለምን?

ሙቀት ነው። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ሙቀት ነው።

ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 200 ዋት እየረገጣችሁ ከሆነ ከ600 እስከ 800 ዋት ሙቀት እያመነጫችሁ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሸሚዝ ለብሶ ፔዳል ሲረግጥ አስቡት። እናንተ ያ ማሞቂያ ናችሁ።

ውጭ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቢያንስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሰውነታችሁን ያቀዘቅዛል። ላቡን ሳታዩት ያደርቀዋል። ቤት ውስጥ ግን አየሩ ቆሟል። ላቡ አይተንም፤ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠብ ላብ ደግሞ አያቀዘቅዝም። ሰውነት ሲግል ልብ ደም ወደ ቆዳ ለመላክ ይሯሯጣል። ዋቱ ሳይጨምር የልብ ምቱ እየወጣ ይሄዳል። በ40ኛው ደቂቃ "ዛሬ ምን ነካኝ?" ትላላችሁ። ምንም አልነካችሁም፤ ቤቱ ሞቆ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። መስኮት ዘግቼ፣ ያለ ማራገቢያ፣ ቀጥታ ቅድም ያልኩትን አልፕ ዱ ዝዊፍት መረጥኩ። ካሉት 21 ኩርባዎች ዘጠኙን ሳልጨርስ ወርጄ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ትሬነሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስነካካው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ማራገቢያ ከፊቴ አድርጌ ያንኑ መንገድ ነዳሁ። ጨረስኩት። ትሬነሩ ያው፣ እግሩ ያው።

ስለዚህ ገንዘብ ካጠራችሁ ትሬነሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ጠንካራ ማራገቢያ ግዙ። ፊት ላይ ብቻ ሳይሆን ደረት ላይ እንዲነፍስ አድርጋችሁ ከፊት ለፊት አስቀምጡት። ሁለት ካላችሁ ሁለተኛውን ከኋላ ጀርባ ላይ። መስኮት ክፈቱ። ውሃ በየአሥር ደቂቃው ጎንጨት በሉ። ምን ያህል ላብ እንደፈሰሳችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከመንዳታችሁ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ የቀነሳችሁት አንድ ሊትር ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፤ አትደሰቱ።

ሌላ ምክንያትም አለ። ውጭ ቁልቁለት አለ፣ መብራት አለ፣ ኩርባ ላይ ፔዳል ማቆም አለ። ሳታውቁት ታርፋላችሁ። ትሬነር ላይ እግር አያርፍም። የቤት አንድ ሰዓት ከውጭ አንድ ሰዓት የሚከብደው ለዚህም ጭምር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

የእኔን ስህተት አትድገሙ። ሜዳ ምረጡ። ዝዊፍት ላይ ቴምፐስ ፉጊት የሚባል መንገድ አለ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረሃ ውስጥ ለጥ ያለ ሜዳ። ማርሽ መቀየሩን፣ ስክሪኑን ማንበቡን፣ ማራገቢያው የት እንደሚቀመጥ እዚያ ትማራላችሁ።

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ዳገት ካማራችሁ ከላይ ያልኩት አልፕ ዱ ዝዊፍት ይጠብቃችኋል። የተቀዳው ፈረንሳይ ውስጥ ካለው አልፕ ዱዌዝ ነው። ቱር ደ ፍራንስ የሚባለው ትልቁ የብስክሌት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የወጣው በ1952 ነው፤ ያን ቀን ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ አሸነፈ። 21 ኩርባዎች አሉት፤ ዝዊፍትም ሃያ አንዱንም አስቀምጧቸዋል። አማካይ ዳገቱ 8.5 በመቶ ነው። የኩርባዎቹ ቁጥር ከ21 ወደ 1 እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ነፍስ ታድናለች። "ሰባት ቀረኝ" ማለት "አራት ኪሎ ሜትር ቀረኝ" ከማለት ይቀላል።

ዘዴው ከታች አለመቸኮል ነው። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እግር ደግሞ ገና ትኩስ ነው። ሁሉም ሰው እዚያ ይረግጥና አናት ሳይደርስ ይከፍላል። "ይሄማ ቀላል ነው" በምትሉት ዋት ጀምሩ። ኩርባ 10 ላይ ያ ዋት ቀላል መሆኑን ያቆማል።

ከዚያ የባሰ የፈለገ ቬን ቶፕ አለለት። ሞን ቫንቱ ከሚባለው የፈረንሳይ ተራራ የተቀዳ ነው፤ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ያስወጣል። እኔ አንዴ ወጥቼዋለሁ። አንዴ ይበቃኛል።

መሪውን ማዞር፣ ፍሬን መያዝ አለብኝ?

የለባችሁም። ኩርባውን አፑ ራሱ ያዞራል። ከሌላ ብስክሌተኛ ጋርም አትጋጩም፤ በመካከላችሁ ያልፋል። ግን ሰው ኋላ ስትገቡ ነፋሱ እንደሚቀንስላችሁ አፑ ያሰላዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ቡድን ተጠግታችሁ ብትነዱ ባነሰ ዋት እኩል ትሄዳላችሁ። ቡድኑ አንዴ ካመለጣችሁ ግን መመለሱ መከራ ነው።

ኤርግ የሚባለው ምንድን ነው? ከመንገዱ ጋር ምን አገናኘው?

ምንም። ኤርግ ላይ መንገዱ ለዓይን ብቻ ነው። "180 ዋት ላይ ያዘኝ" ትሉታላችሁ፤ ዳገት መጣ ቁልቁለት መጣ ትሬነሩ 180 ላይ ይይዛችኋል። ፔዳሉን ፈጠን ስታደርጉ ያቀልላችኋል፣ ስታዘገዩ ያከብድባችኋል። ለተመጠነ ልምምድ ጥሩ ነው።

አንድ ወጥመድ አለው። ደክሟችሁ እግራችሁ ሲዘገይ ትሬነሩ ዋቱን ለመጠበቅ ያከብደዋል። ሲከብድ ይበልጥ ትዘገያላችሁ። ሲዘገይ ይበልጥ ያከብደዋል። በመጨረሻ ፔዳሉ ቀጥ ይላል። ያኔ አትታገሉት። ለጥቂት ሰከንድ አቁሙ፣ ከዚያ በቀላሉ እግራችሁን አፍጥናችሁ ጀምሩ።

ስንት ዋት ላይ መለማመድ እንዳለባችሁ ለማወቅ የተለመደው ፈተና ይህ ነው፦ በደንብ ካሟሟቃችሁ በኋላ 20 ደቂቃ አቅማችሁ የፈቀደውን ያህል ትነዳላችሁ። ከአማካይ ዋቱ 95 በመቶውን ትወስዳላችሁ። 200 ከወጣ 190 ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ልትይዙት የምትችሉት ጣሪያ ያ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ፈተናው አስቀያሚ ነው፤ አልዋሻችሁም።

ዋቱ ከጓደኛዬ ትሬነር ጋር አይመሳሰልም። ማን ነው ውሸታሙ?

ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሊዋሹ ይችላሉ። ጥሩ ትሬነር ሲባል ስህተቱ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነው ይባላል፤ ርካሹ እስከ አምስት በመቶ ሊደርስ ይችላል። 200 ዋት ላይ አምስት በመቶ 10 ዋት ነው።

ማስተካከያ አለው። ካሊብሬሽን ይሉታል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነድታችሁ ትሬነሩን ካሞቃችሁ በኋላ አፑ እስከ አንድ ፍጥነት እንድታደርሱትና ፔዳል እንድታቆሙ ይጠይቃችኋል። ጎማው በራሱ እስኪቆም የወሰደውን ጊዜ ይለካል። ትሬነሩ ቀዝቃዛ ሳለ አታድርጉት፤ ዋጋ የለውም። ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ትሬነሮችም አሉ። ዋናው ግን ከጓደኛችሁ ጋር ሳይሆን ከትናንትናው ራሳችሁ ጋር መወዳደር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ያው ትሬነር ይበቃል።

ግንኙነቱ እየተቋረጠ ብስክሌተኛዬ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

የሚያናድድ ነገር ነው፤ በተለይ ዳገት መሃል።

መጀመሪያ ይህን እዩ፦ ትሬነሩ በብሉቱዝ ስልካችሁ ላይ ካለ ሌላ አፕ ጋር ተገናኝቶ ይሆን? ብዙ ትሬነሮች በብሉቱዝ በአንድ ጊዜ የሚገናኙት ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው። የትሬነሩ አምራች አፕ ከጀርባ ክፍት ከሆነ ዝጉት። ኮምፒውተር ላይ አንት ፕላስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ትንሿን መቀበያ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አድርጋችሁ ትሬነሩ አጠገብ አምጧት። የዋይፋይ ሳጥን ካጠገባችሁ አርቁ። ሁለቱም በተመሳሳይ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠሩ ይረባበሻሉ።

መቀመጫዬን እያመመኝ ነው።

ውጭ ስትነዱ ብስክሌቱ ግራ ቀኝ ይላል፣ እናንተም ሳታስቡ ትነሳላችሁ ትቀመጣላችሁ። ትሬነር ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ ነው ክብደታችሁ የሚያርፈው። በየአሥር ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ንዱ። የብስክሌት ቁምጣ ልበሱ፤ "ቤት ነኝ፣ ማን ያየኛል" ብላችሁ በፒጃማ አትውጡበት። የፊት ጎማው ከኋላው ዝቅ ካለም ክብደቱ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ከሥሩ ድጋፍ አድርጋችሁ እኩል አድርጉት።

ላቡ ብስክሌቱን ያበላሻል?

ያበላሻል። ላብ ጨው አለበት፤ ብረት ይበላል። ብሎኖችና መሪው የተገጠመበት ቦታ በተለይ። ፎጣ መሪው ላይ ጣል አድርጉ፣ ስትጨርሱ ወዲያው ጥረጉ።

ጎረቤት ያማርራል?

ከታች ፎቅ ሰው ካለ ሊያማርር ይችላል። የሚረብሸው ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ በወለሉ የሚወርደው ንዝረት ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፉ። ሌሊት ቆማችሁ አትርገጡ።

እውነተኛ ውድድር አለበት ወይስ ጌም ነው?

አለበት፤ ያውም በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የኢ-ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና ያካሄደው በ2020 መጨረሻ ነው፤ ዋቶፒያ ላይ፣ 50 ኪሎ ሜትር። በወንዶች ጀርመናዊው ጄሰን ኦስቦርን አሸነፈ። ሰውዬው ያኔ ቀዛፊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቀዘፋ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። በሴቶች ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓዚዮ አሸነፈች።

አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናል ቡድን የገባው በዝዊፍት ውድድር አሸንፎ ነው። በ2022 የኢ-ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በእውነተኛው መንገድ ላይ ቩኤልታ በሚባለው የስፔን የብዙ ቀን ውድድር የሁለት ቀኑን አሸነፈ። ስለዚህ "ጌም ነው" የሚላችሁን ሰው በትዕግሥት አዳምጡና ብስክሌቱ ላይ አስቀምጡት።

ኤቨረስትን ቤት ውስጥ መውጣት ይቻላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤቨረስቲንግ ይሉታል። አንድ ዳገት መርጣችሁ የወጣችሁት ከፍታ 8,848 ሜትር እስኪሞላ ድረስ በአንድ ጉዞ ደጋግማችሁ ትወጡታላችሁ። አልፕ ዱ ዝዊፍትን ከመረጣችሁ ስምንት ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ቅድም ያልኩት የዳገት ማንሸራተቻ 100 በመቶ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ አይቆጠርላችሁም። መውረጃው ላይ ፔዳል ሳትረግጡ ማረፍ፣ መብላት ይቻላል። መተኛት ግን አይቻልም።

እኔ ሞክሬው አላውቅም። የሞከረ ወዳጄ በሰባተኛው ዙር ላይ ከስክሪኑ ብስክሌተኛ ጋር ሲነጋገር ቤተሰቦቹ ሰምተውታል።

ውጭ የማውቀውን የራሴን መንገድ ማስገባት እችላለሁ?

አንዳንድ አፖች ይፈቅዳሉ። በስልክ ወይም በብስክሌት ኮምፒውተር የቀዳችሁትን፣ መንገዱን የያዘ ጂፒኤክስ የሚባል ፋይል ትጭናላችሁ፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ወደ ትሬነሩ ይገባል። ሥዕሉ ያምራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ ካርታ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ናት። የጂፒኤስ ከፍታ ልኬት ስለሚዋዥቅም በእውን የሌለ የ15 በመቶ ጉብታ ድንገት ሊመጣባችሁ ይችላል። ውድድር ልትሳተፉበት ያሰባችሁትን መንገድ አስቀድሞ ለማወቅ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። የትኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደምትቀንሱ እግራችሁ ሳይሄድ ያውቀዋል።